ክትትል ወይስ ማሳደድ? በካምፓስ የሚደርስን ስቶኪንግ መለየትና ምላሽ መስጠት

«ስቶክ አደረግኩት» ማለት በወጣቶች ዘንድ እንደ ቀልድ ነው። የአንድን ሰው የኢንስታግራም ገጽ ከላይ እስከ ታች በርብሮ መውጣት ማለት ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ማንንም አይጎዳም። ያው ቃል በሕግ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ግን ሌላ ትርጉም አለው። ስቶኪንግ በአሜሪካ በሁሉም ግዛቶች ወንጀል ነው። ለአንዳንድ ተማሪዎች ደግሞ ትምህርት ማቋረጥ፣ ዶርም መቀየር፣ ከዚያም ሲብስ ሕይወት ማጣት ማለት ሆኗል።

ግራ መጋባቱ በዚህ ብቻ አያበቃም። በጃንዋሪ 2025 እ.ኤ.አ. በኬንታኪ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት የባይደን አስተዳደር በ2024 ያወጣውን የ«ታይትል ናይን» ደንብ ሙሉ በሙሉ ሻረው። ታይትል ናይን የመንግሥት ገንዘብ በሚያገኙ የትምህርት ተቋማት ጾታን መሠረት ያደረገ መድልዎን የሚከለክል የ1972 ሕግ ነው። ውሳኔው ሲሰማ «እንግዲህ ኮሌጆች የማሳደድ አቤቱታ የመቀበል ግዴታ የለባቸውም» የሚል ወሬ ተናፈሰ። ስህተት ነው። ለምን ስህተት እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ እንመጣበታለን። መጀመሪያ ነገሩ ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። (ከዚህ በታች ያሉት የአሜሪካና የሌሎች አገሮች ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሉ የሚደብቀው ነገር

በአማርኛ «ክትትል» ጥሩ ቃል ነው። ነፍሰ ጡር የሐኪም ክትትል ታደርጋለች። ጎበዝ ወላጅ የልጁን ትምህርት ይከታተላል። ስለዚህ አንዲት ተማሪ «አንድ ልጅ ይከታተለኛል» ብትል ሰሚው ላይደነግጥ ይችላል። እንዲያውም «ወዶሽ ነዋ! ምን ችግር አለው?» የሚል አይጠፋም። ቋንቋው ራሱ ነገሩን ያለሰልሰዋል።

«ልከፋ» የሚለውም አይመጥነውም። ልከፋ መንገድ ላይ የማያውቋት ሰዎች በአላፊ አግዳሚዋ ላይ የሚወረውሩት ነው። አስቀያሚ ነው፤ ነገር ግን ለካፊው ነገ ሌላዋን ይለክፋል። ስቶኪንግ ግን አንድ ሰው ላይ ይቆማል። «መጀንጀን»ም አይደለም። መጀንጀን ግብዣ ነው፤ ግብዣ ደግሞ እምቢ ሲሉት ያበቃል። እዚህ ጽሑፍ ላይ «ማሳደድ» የሚለውን ቃል የምንጠቀመው ለዚህ ነው። ሸሽቶ የማያመልጡት ነገር መሆኑን ይናገራል።

የአሜሪካ የካምፓስ ደኅንነት ሕግ ትርጉሙን እንዲህ ያስቀምጠዋል። በአንድ በተለየ ሰው ላይ ያነጣጠረ ተከታታይ ድርጊት ሲሆን፣ በዚያ ሰው ቦታ ያለን ማንኛውም አስተዋይ ሰው ለራሱ ወይም ለሌሎች ደኅንነት እንዲሰጋ፣ አለዚያም ከባድ የመንፈስ ጭንቀት እንዲደርስበት የሚያደርግ ነው። «ተከታታይ» ለመባል ሁለት ድርጊት ይበቃል። ሦስት ነገሮች ልብ ይሏል፦ ድግግሞሹ፣ ያነጣጠረበት ሰውና የሚፈጥረው ስሜት። አሳዳጁ ምን አስቦ ነው የሚለው ጥያቄ እዚህ ትርጉም ውስጥ የለም። «ክፉ አላሰብኩም» የሚል መልስ ብቻውን ነገሩን አያጠፋውም።

ድርጊቱ ሲነጠል ይጠፋል፣ ሲደመር ይታያል

አብዛኛው ወንጀል በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ይፈጸማል። ስርቆት አለ፣ ድብደባ አለ። ማሳደድ ግን እያንዳንዱ ቁራጩ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል። ላይብረሪ መግባት መብት ነው። አበባ መላክ ወንጀል አይደለም። «እንደምን አደርሽ» ብሎ መጻፍም እንዲሁ። አሁን ግን ሰብስበን እንየው። እምቢ ከተባለ በኋላ በየቀኑ የምትቀመጥበት ወንበር ፊት ለፊት ይቀመጣል። አበባው የሚገኘው ያልነገረችው የዶርሟ በር ላይ ነው። «እንደምን አደርሽ» የሚለው መልእክት የሚመጣው ቁጥሩን ከዘጋችበት በኋላ፣ ከአራተኛ ቁጥር ነው። አሁን ሌላ ነገር ሆነ። ለዚህ ነው ተጠቂዋ ለጓደኛዋ አንዱን ነጥላ ስትነግራት «በዚህ ነው የምትጨነቂው?» የምትባለው። ጓደኛዋ ክፉ ሆና አይደለም። የሰማችው ቁራጩን ስለሆነ ነው።

በመስኩ የሚሠሩ ሰዎች ድርጊቶቹን በአራት ይመድቧቸዋል። የመጀመሪያው መሰለል ነው፦ መከተል፣ መጠበቅ፣ ስልክ ወይም መኪና ላይ መከታተያ ማድረግ። ሁለተኛው ያልተፈለጉበት ሕይወት ውስጥ ሰርጎ መግባት ነው፦ መደወል፣ ስጦታ መላክ፣ ባልተጠራበት መገኘት። ሦስተኛው ማስፈራራት ነው። «ራሴን አጠፋለሁ» የሚለውም እዚህ ይገባል። አራተኛው ሕይወቷን ማበላሸት ነው፦ ስም ማጥፋት፣ አካውንት መስበር፣ የክፍል ጓደኞቿን ማዞር። አንድ አሳዳጅ አራቱንም ላይፈጽም ይችላል። ሁለቱ ተዳብለው ሲመጡ ግን ጆሮ ማቆም ያስፈልጋል።

ዝም ብሎ ከሚያሰለች ሰው በምን ይለያል? የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2004 ባወጡት ጥናት አንድ ጠቃሚ ድንበር አስቀምጠዋል። ያልተፈለገ ተደጋጋሚ ግንኙነት ሁለት ሳምንት ካለፈው ለወራት የመዝለቅና ወደ ዛቻ የመሄድ ዕድሉ በጣም ይጨምራል። ብዙው አሰልቺ ሰው ከዚያ በፊት ይተዋል። ይህ እንደ ብረት የጠነከረ ሕግ አይደለም። ዛቻ ካለ አንድ ቀንም መጠበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን «ጥቂት ጊዜ ልታገሥ» ለምትል ተማሪ መለኪያ ይሰጣታል።

አሳዳጆች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። በ1999 የወጣ ታዋቂ የአውስትራሊያ ጥናት በአምስት ከፍሏቸዋል፦ የተተወ ፍቅረኛ፣ ፍቅር አለን ብሎ የሚያልም፣ የማግባቢያ ወጉን የማያውቅ፣ ቂም የያዘ እና ጥቃት ለመፈጸም የሚያደባ። በካምፓስም የሚታይ ነው ሦስተኛው። ብዙ ጊዜ ቶሎ ይተዋል፤ ከዚያ ግን ወደ ሌላ ሴት ይሄዳል። በአደገኝነቱ በጣም የሚያሳስበው የመጀመሪያው ነው። በ10 የአሜሪካ ከተሞች ተጠንቶ በ1999 የወጣ ሌላ ምርምር፣ በአሁን ወይም በቀድሞ ባል ወይም ፍቅረኛ ከተገደሉ ሴቶች 76 በመቶው ከመገደላቸው በፊት በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ ሲሳደዱ እንደነበር አሳይቷል። ይህን ቁጥር ገልብጦ ማንበብ አይገባም። የምትሳደድ ሴት ሁሉ ትገደላለች ማለት አይደለም። ከተገደሉት በስተጀርባ ግን ብዙ ጊዜ ማሳደድ አለ።

ስለ ስፋቱም ጥቂት ቁጥር። በ33 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በ2019 የተደረገ ሰፊ ጥናት፣ ከመጀመሪያ ዲግሪ ሴት ተማሪዎች 10 በመቶ ያህሉ ካምፓስ ከገቡ ጀምሮ ማሳደድ እንደደረሰባቸው ተናግረዋል ይላል። በአገሪቱ በጠቅላላ ከሦስት ሴቶች አንዷ፣ ከስድስት ወንዶች አንዱ በዕድሜ ዘመናቸው ደርሶባቸዋል። ወንዱ ሲሆን «ሴት አባረረችህ?» ተብሎ መሳቂያ መሆንን ስለሚፈራ ዝም ይላል። እዚህ ጽሑፍ ላይ አሳዳጁን «እሱ»፣ ተጠቂዋን «እሷ» የምንለው አብዛኛው እንደዚያ ስለሆነ እንጂ የወንዱ ሕመም ሳይገባን ቀርቶ አይደለም።

ካምፓስ ለአሳዳጅ ለምን ይመቻል

አንድን ሰው ለማሳደድ መጀመሪያ የት እንደሚገኝ ማወቅ ያስፈልጋል። ካምፓስ ይህንን በነፃ ይሰጣል። የትምህርት ፕሮግራሟ የታወቀ ነው። የምትበላበት ካፌ አንድ ነው። ዶርሟ ይታወቃል። የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ስልኳ አለ። እሱም ተማሪ ከሆነ በበር ሲገባ የሚጠይቀው የለም፤ መታወቂያ አለው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የጋራ ጓደኛ ነው። «ስልኳን ስጠኝ፣ ይቅርታ ልጠይቃት ነው» ሲባል የሚሰጥ ደግ ሰው አይጠፋም። «ዛሬ የት ናችሁ?» ሲባል ፎቶ የሚልክም አለ። እነዚህ ሰዎች ራሳቸው አያሳድዱም፤ የሚያስታርቁ ይመስላቸዋል። ሳያውቁት ግን የአሳዳጁ ዓይንና እግር ሆነዋል።

ቴክኖሎጂው ደግሞ ነገሩን ቀላልና ርካሽ አድርጎታል። ኤርታግ የሚባለው የሳንቲም ያህል መከታተያ በ2021 ገበያ ላይ ሲወጣ የተሠራው የጠፋ ቁልፍና ቦርሳ ለማግኘት ነበር። ወዲያው ሰው ለመከታተል ዋለ። አፕልና ጉግል በሜይ 2024 በጋራ ባወጡት አሠራር አሁን አይፎንም አንድሮይድም የማይታወቅ መከታተያ አብሮ ሲጓዝ የስልኩን ባለቤት ያስጠነቅቃል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስልኩ አዲስ ማሻሻያ መጫኑ ይጠይቃል። የቀድሞ ፍቅረኛ ከሆነ ደግሞ መከታተያም ላያስፈልገው ይችላል። የኢሜይሏ የይለፍ ቃል አሁንም እጁ ላይ ይሆናል።

በዩታ የሆነው

ይህን ጉዳይ ከሎረን ማክክለስኪ ታሪክ በላይ የሚያስረዳ የለም። በዩታ ዩኒቨርሲቲ የ21 ዓመት ተማሪና አትሌት ነበረች። በ2018 መስከረም አካባቢ ከአንድ ሰው ጋር ግንኙነት ጀመረች። ስሙንና ዕድሜውን ዋሽቷት ነበር። የ37 ዓመት ሰው ነው፤ በወሲብ ወንጀል የተፈረደበት፣ በአመክሮ የተለቀቀም ነው። ይህን ስታውቅ በኦክቶበር መጀመሪያ ተለየችው።

ከዚያ መልእክቱ ጀመረ። ከጓደኞቹ የመጣ የሚመስል፣ በእሷ ምክንያት እንደሞተ ወይም እንደተጎዳ የሚናገር ነበር። ቀጥሎ ገንዘብ ካልላክሽ ፎቶሽን እንለቀዋለን የሚል ማስፈራሪያ መጣ። 1,000 ዶላር ከፈለች። ለካምፓስ ፖሊስ ደጋግማ አመለከተች። ወደ ከተማው ፖሊስም ደወለች፤ ወደ ካምፓሱ ፖሊስ መለሷት። ጓደኞቿ ከዚያ ቀደም ብለው የዶርም ኃላፊዎችን «ይህ ሰው ያሳስበናል» ብለው ነበር። በመጨረሻው ቀን የፖሊስ ኃላፊ መስሎ ወደ ጣቢያ እንድትመጣ የሚጠራ መልእክት ደረሳት። እሱንም ለፖሊስ ተናገረች። ኦክቶበር 22 ቀን 2018 ማታ፣ ከእናቷ ጋር በስልክ እያወራች ሳለ ካምፓሱ ውስጥ ገደላት።

አሁን ማን ምን ያውቅ እንደነበር እንቁጠር። የዶርም ሠራተኞች ሰውዬው ተቆጣጣሪ ባሕርይ እንዳለው ሰምተዋል። የካምፓስ ፖሊስ ስለ ገንዘቡና ስለ መልእክቱ ያውቃል። የአመክሮ ጽሕፈት ቤቱ ሰውዬው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ያውቃል። ፖሊሶቹ ግን በአመክሮ ላይ መሆኑን አላጣሩም። ያንን ቢያጣሩ ኖሮ አመክሮውን በመጣሱ ብቻ ወደ እስር ቤት የሚመለስበት መንገድ ነበር። ሁሉም ቁራጭ ነበራቸው። የደመረ ሰው አልነበረም። የዩታ ግዛት በ2020 ከቤተሰቧ ጋር በ13.5 ሚሊዮን ዶላር ሲስማማ፣ ዩኒቨርሲቲውም ጥፋቱን ተቀብሏል።

ይህ የዩታ ብቻ ችግር አይደለም። በ2007 በቨርጂኒያ ቴክ 32 ሰዎች በአንድ ተማሪ ከተገደሉ በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ቡድን ተመሳሳይ ነገር አግኝቷል። ከዓመት ከመንፈቅ ገደማ በፊት ተማሪው ሴት ተማሪዎችን ያስቸግራል የሚል ቅሬታ ቀርቦበት ነበር። መምህራኑ፣ ፖሊሱና የምክር አገልግሎቱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ያውቁ ነበር። አንዱ ለሌላው ያልነገረው በከፊል የግላዊነት ሕጉን ከሚገባው በላይ አጥብቀው ስለተረጎሙት ነው። ከዚያ በኋላ ቨርጂኒያ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ የስጋት ገምጋሚ ቡድን እንዲኖር በሕግ አስገደደች። ፖሊስ፣ የተማሪዎች ዲን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያና የሕግ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። የሚጠይቁትም «ያስፈራራል ወይ?» ሳይሆን «በእርግጥ አደጋ ሊፈጥር ይችላል ወይ?» የሚለውን ነው። ብዙ የሚያስፈራራ ሰው ምንም አያደርግም። አንድም ቃል ሳይተነፍስ የሚያደርግም አለ።

የአሜሪካ ሕግ ዛሬ የት ነው ያለው

ማሳደድን በስሙ ወንጀል ያደረገችው የመጀመሪያዋ ግዛት ካሊፎርኒያ ናት፤ ሕጉ የወጣው በ1990 ነው። ሌሎቹም ግዛቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከተሏት። በ1996 ከግዛት ግዛት እየተሻገሩ ማሳደድ የፌዴራል ወንጀል ሆነ።

ካምፓስን በቀጥታ የሚመለከተው «ክሌሪ አክት» የሚባለው የ1990 ሕግ ነው። በ1986 ዶርሟ ውስጥ በተገደለች የ19 ዓመት ተማሪ፣ በጂን ክሌሪ ስም ተሰይሟል። ኮሌጆች በየዓመቱ የወንጀል ቁጥራቸውን ለሕዝብ እንዲያወጡ ያስገድዳል። በ2013 በተደረገ ማሻሻያ ማሳደድም የሚቆጠር ወንጀል ሆነ። ከዚያም በላይ፣ አቤቱታ ያቀረበች ተማሪ መብቷን በጽሑፍ የማግኘት መብት አላት። ለፖሊስ ማመልከት ወይም አለማመልከት የራሷ ምርጫ ነው። ዶርም፣ ክፍል ወይም የሥራ ሰዓት እንዲቀየርላት መጠየቅ ትችላለች።

እንግዲህ ወደ ጃንዋሪ 2025 ውሳኔ እንመለስ። የተሻረው የ2024 ደንብ ነው። በእሱ ቦታ የተመለሰው የ2020ው ደንብ ነው። የ2020ው ደንብ ደግሞ ማሳደድን በግልጽ ከወሲባዊ ትንኮሳ ዓይነቶች አንዱ ያደርገዋል። የተለወጠው ሥነ ሥርዓቱ ነው። ለምሳሌ በኮሌጆች መደበኛ ክስ ሲቀርብ ሁለቱም ወገኖች የሚሳተፉበት የቀጥታ ችሎት ይደረጋል፤ ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈተናል። ጥያቄውን የሚጠይቀው የተከሳሽ አማካሪ እንጂ ተከሳሹ ራሱ አይደለም። ብዙ ተማሪ ይህን ሲሰማ ይሸሻል። ማወቅ የሚገባው ግን የድጋፍ እርምጃ ለማግኘት መደበኛ ክስ አያስፈልግም። የታይትል ናይን ኃላፊው ቢሮ ሄዶ መናገር በቂ ነው። የክሌሪ ሕግ ደግሞ በውሳኔው አልተነካም።

ሁለት ወረቀቶችን አለማደባለቅም ይጠቅማል። ኮሌጁ የሚሰጠው የአትገናኙ ትእዛዝ አስተዳደራዊ ነው። ቢጥሰው የሚጠብቀው የዲሲፕሊን ቅጣት ነው። ፍርድ ቤት የሚሰጠው የጥበቃ ትእዛዝ ግን ከተጣሰ ፖሊስ ይይዛል፤ በሌላ ግዛትም ይሠራል። የሚያሰጋ ነገር ካለ ሁለቱንም መያዝ ይሻላል።

ክርክሩ

በዚህ ሁሉ ላይ የተነሡ ተገቢ ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው ወገን ትርጉሙ ሰፊ ነው ይላል። ሁለት ድርጊት ይበቃል ከተባለ ወግ የማያውቅ የ18 ዓመት ልጅ፣ የኦቲዝም ተፅዕኖ ያለበት ተማሪ፣ ከሌላ ባህል የመጣ እንግዳ በቀላሉ ወንጀለኛ ይባላል ብሎ ይሰጋል። ይህ ስጋት ባዶ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በጁን 2023 «ካውንተርማን» በተባለው ጉዳይ ላይ ተመሳሳይ ሚዛን አስቀምጧል። አንድ ሰው ለማያውቃት ዘፋኝ ለሁለት ዓመት ያህል በመቶዎች የሚቆጠሩ መልእክቶች ልኮ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሰውየው በንግግሩ እንደ ዛቻ ተቆጥሮ ሊቀጣ የሚችለው ቢያንስ ቃሉ ሊያስፈራ እንደሚችል እያወቀ በግዴለሽነት ከተናገረ ነው አለ። የተጠቂ ጠበቆች በዚህ አዝነዋል። በቅዠት ዓለም ውስጥ ያለ አሳዳጅ እንደሚያስፈራ ላይገባው ይችላልና። ያም ሆኖ ውሳኔው የሚመለከተው በቃላት ይዘት ላይ የተመሠረተ ቅጣትን ነው። መከተልና በር ላይ መቆም ንግግር አይደለም።

የእኔ ሚዛን ወዲህ ያደላል። የማያውቀውን ልጅ ከወንጀለኛው የሚለየው በጊዜ የተሰጠ ግልጽ ማስጠንቀቂያ ነው። ኃላፊ ጠርቶት «ከዛሬ ጀምሮ አትጻፍላት፣ አትቅረባት» ሲለው ወግ የማያውቀው ልጅ ይደነግጣል፤ ይተዋል። የማይተወው ማንነቱን ገለጠ። ቀደም ብሎ ጣልቃ መግባት ለእሱም ይበጀዋል፤ ሕይወቱን ከሚያበላሽ ክስ ያድነዋል። ችላ ማለት ግን ለማንም አይጠቅምም።

ተጠቂዋ ምን ታድርግ፣ ጓደኛስ?

ከሁሉ በፊት፣ አደጋው ፊት ለፊት ከሆነ በአሜሪካ 911 ይደወል። ከዚያ ውጭ ባለው ጊዜ የባለሙያዎቹ ምክር ሲጠቃለል እንዲህ ነው።

እምቢታው አንድ ጊዜ፣ አጭርና ግልጽ ይሁን። «አሁን ጊዜ የለኝም» አይጠቅምም፤ ነገ ጊዜ ይኖራታል ብሎ ይጠብቃል። «ከአንተ ጋር መገናኘት አልፈልግም፣ እንዳትጽፍልኝ» ይበቃል። ማብራሪያ መስጠት ለድርድር በር ይከፍታል። ከዚያ በኋላ ዝምታ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ሠላሳ ጊዜ ደውሎ በሠላሳ አንደኛው ተናድዳ ብታነሣው፣ የተማረው ነገር ሠላሳ አንድ ጊዜ መደወል እንደሚያስፈልግ ነው። ስድብም ቢሆን ለእሱ መልስ ነው። ሰውየው የቀድሞ ፍቅረኛ ወይም የሚዝት ከሆነ ግን ይህን እምቢታ ከመናገሯ በፊት ከተጠቂ አማካሪ ጋር የደኅንነት ዕቅድ ብትነድፍ ይመረጣል።

ቁጥሩን መዝጋት ላይ ባለሙያዎች አንድ አይደሉም። አንዳንዶቹ ይዘጋ፣ ዕረፍት ታግኝ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ድምፁ ጠፍቶ መልእክቱ ይግባ ይላሉ። ምክንያታቸው ሁለት ነው፦ ማስረጃው እንዳይጠፋ፣ ዛቻው እየከረረ መሆኑም እንዲታወቅ። መልእክቱን ሌላ የምታምነው ሰው ቢያነብላት ሁለቱም ይሟላል።

መዝገብ መያዝ ግን ማንም የማይከራከርበት ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የሆነው ነገር፣ ያየ ሰው። ስክሪንሾት ሲነሣ ቀኑና ቁጥሩ ይታይ። አበባውም ደብዳቤውም አይጣል፣ ይቀመጥ። ይህ መዝገብ አሳዳጁ ሊገባበት በማይችልበት ቦታ ይሁን፤ የድሮ ስልክ ላይ ወይም የይለፍ ቃሉን በሚያውቀው ኢሜይል ላይ አይሁን። ጥቅሙ ማስረጃ መሆኑ ብቻ አይደለም። ከላይ እንዳልነው ማሳደድ የሚታየው ሲደመር ነው። ፖሊስ ፊት «ያስቸግረኛል» ከማለት «በ23 ቀን ውስጥ 41 ድርጊት፣ ይኸው» ማለት ፈጽሞ የተለየ ጉዳይ ነው። መከታተያ ከተገኘም ወዲያው አይሰበር። ፎቶ ይነሣ፣ ከተቻለ ወደ ፖሊስ ይወሰድ። ሲጠፋበት ሰውየው መታወቁን እንደሚያውቅ መዘንጋት የለበትም።

ጓደኛ ምን ያድርግ? የት እንዳለች ለማንም አይናገር። ለእሱ መልእክት አያድርስ። ሄዶም አይጣላው፤ ጠቡ ወደ እሷ ይዞራል። ከክፍል ዶርም አብሮ መሄድ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ብዙ ነው። ደግሞም ያየውን በራሱ ወረቀት ይጻፍ፤ ምስክር ነው።

በማኅበረሰባችን ውስጥ የሚመጣ ልዩ ፈተና

በአሜሪካ፣ በአውሮፓም ሆነ በእስራኤል ላለ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወጣት፣ አሳዳጁ የማኅበረሰቡ ልጅ ሲሆን የመጀመሪያው ምላሽ ሽማግሌ መላክ ነው። ሐሳቡ ቅን ነው። ሽምግልና ሁለት ወገን ሲጣላ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ለቅቀው እንዲስማሙ የሚያደርግ ትልቅ እሴት ነው። ማሳደድ ግን ጠብ አይደለም። እሷ የምትለቀው ነገር የላትም። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን አንድ ክፍል ሲያስቀምጧቸው እሱ ለወራት የለመነውን አገኘ፦ ፊት ለፊት መገናኘት። «ይቅር በይው» ተብላ እጁን ብትጨብጥ እሱ እንደ አዲስ ተስፋ ይወስደዋል። ሽማግሌዎች ሊረዱ ከፈለጉ እሱን ብቻውን ይጥሩት፤ የማስታረቅ ሳይሆን የማስቆም ንግግር ይንገሩት።

ሁለተኛው ፈተና ቪዛ ነው። በተማሪ ቪዛ ያለች ልጅ ፖሊስ ብጠራ መኖሪያዬ ይነካል ብላ ትፈራለች። የወንጀል ተጠቂ ሆኖ ማመልከት የተማሪ ቪዛን የሚያሳጣ ጥፋት አይደለም። የሚያሳጣው ኮርስ በራስ ፈቃድ ጥሎ ከሙሉ ጊዜ ተማሪነት መውረድ ነው። ስለዚህ ክፍል ከማቋረጧ በፊት የኮሌጁን የውጭ ተማሪዎች ኃላፊ ማነጋገር አለባት። ሕጋዊ ወረቀት ለሌላቸው ደግሞ ማሳደድ «ዩ ቪዛ» ከሚያስገኙ ወንጀሎች ዝርዝር ውስጥ አለ። ይህ ከፖሊስ ጋር ለሚተባበሩና ከባድ ጉዳት ለደረሰባቸው የወንጀል ተጠቂዎች የሚሰጥ ነው። ጠበቃ ያስፈልጋል፤ ጊዜም ይወስዳል።

በእስራኤል ከ2001 ጀምሮ ማስፈራሪያ ያለበትን ማሳደድ የሚከለክል ሕግ አለ፤ ፍርድ ቤት የመከላከያ ትእዛዝ ይሰጣል። በእንግሊዝ የ1997ቱ የትንኮሳ ሕግ ከ2012 ወዲህ ማሳደድን በስሙ ወንጀል አድርጎታል።

አገር ቤትስ?

የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ማሳደድን በስሙ የሚጠራ አንቀጽ የለውም። ዛቻ አለ፣ ጠለፋ አለ፣ አስገድዶ መድፈር አለ። ማሳደድ የእነዚህ ሁሉ መንገድ ነው፤ መንገዱ ግን ስም የለውም። ትንሽ የሚቀርበው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ነው። በኮምፒውተር ሥርዓት መረጃ ደጋግሞ በመላክ ወይም የሌላን ሰው ግንኙነት በመከታተል ፍርሃት ወይም የሥነ ልቦና ጫና መፍጠርን ወንጀል ያደርገዋል። በቴሌግራም የሚያሳድድን ሰው ሊይዝ ይችላል። የዶርም በር ላይ የሚቆመውን ግን አይነካም።

ይህ ክፍተት ምን እንደሚያስከፍል አገሪቱ አይታለች። በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አንዲት ወጣት ለዓመታት ሲከታተላት በነበረ ሰው ፊቷ ላይ አሲድ ተደፍቶባታል። ያኔ አገር ሁሉ ስለ አሲዱ ተናገረ። ከአሲዱ በፊት ስለነበሩት ዓመታት የተናገረው ጥቂት ነው።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያለው ሁኔታ ደግሞ የራሱ ክብደት አለው። ብዙ ጊዜ ተማሪዋን የመደባት ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ከቤቷ በመቶዎች ኪሎሜትር ርቃ ሊሆን ይችላል። እንደ አሜሪካዋ ተማሪ አፓርታማ አትቀይርም፤ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መዛወርም ቀላል አይደለም። ለቤተሰብ ብትናገር «ትምህርቱ ይቅርብሽ፣ ነይ» ይሏታል ብላ ትፈራለች። በአንድ ሰው ጥፋት ሌላው ከትምህርት ይቀራል።

ሕጉ እስኪሻሻል ግን ካምፓሶች እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡበት ምክንያት የለም። የሥርዓተ ፆታ ቢሮ አለ። የተማሪዎች ዲን አለ። ፕሮክተር፣ ማለትም የዶርም ተቆጣጣሪ፣ አለ፤ የበር ጥበቃም አለ። የዲሲፕሊን መመሪያም አለ። ዛሬ አንዲት ተማሪ ለፕሮክተሯ ብትናገር ፕሮክተሯ ታውቃለች፤ ለመምህሯ ብትናገር መምህሯ ያውቃል፤ ጥበቃው ያየው ከጥበቃው ጋር ይቀራል። የዩታው ስህተት ከዚህ አይለይም። አንድ የጋራ መዝገብ፣ በሥርዓተ ፆታ ቢሮው ቁልፍ የተቀመጠ፣ በጀት አይጠይቅም። ፕሮክተሯ «ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት» ብላ ትመዘግባለች። ጥበቃው «ዛሬም ጠይቆኝ ነበር» ይላል። በሳምንቱ አንድ ሰው ከፍቶ ያነብበዋል። ያው የአንድ ተማሪ ስም ከሦስት ገጽ ላይ ሲገኝ ዲኑ ልጁን ይጠራዋል። ዶርም መቀየር ካስፈለገም የሚቀይረው እሱ ይሁን።